ከዘጠና አምስት በኋላ

ከድጃ ይማም በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት፣ እንደ ማንኛውም የደሴ ሰው፣ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ አነበበች። ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 2091 ዓ.ም. ነው። ከድጃ ይማም፣ መንገድ ላይ የመውደቅ ግምት፣ ከመቶ ሁለት። ከድጃ ይማም፣ ራስ ምታት፣ ከመቶ ሰባ አንድ። ረምላ ሰይድ፣ ጉንፋን፣ ከመቶ አራት። ረምላ ሰይድ፣ የዛሬውን ጨዋታ የማሸነፍ፣ ከመቶ ስድስት።

የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጃንጥላዋን አነሳች። የዝናብ ግምቱ ባዶ ነበር፤ ከድጃ ግን ክፉውን ቁጥር እንጂ ደጉን አምና አታውቅም።

«ስድስት እኮ ባዶ አይደለም እማ» አለች ረምላ፣ በሩ ጥግ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያሰረች።

«ለአባትሽም አምስት ቀርቶለት ነበር።»

ረምላ ማሰሪያውን አጥብቃ ተነሳች። ስለ አባቷ በዚህ ቤት ከዚህ በላይ አይወራም። ሰይድ ከአራት ዓመት በፊት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በዘጠነኛው ቀን የመሞት ግምቱ ዘጠና አምስት ደረሰ፤ በደንቡ መሠረት አልጋው ለሚቀጥለው በሽተኛ ተሰጠ። ነርሷ ትሁት ነበረች፤ ብርድ ልብሱን አጥፋ በከረጢት ሰጠቻቸው። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ውስጥ አረፈ። ቁጥሩ ቀድሞ ዐወቀ ወይስ ቁጥሩ ራሱ አደረገው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከድጃም አልጠየቀችም።

ዘጠና አምስት ማለት አለቀ ማለት ነው። ኳስ ሜዳ ላይ የአንዱ ቡድን የማሸነፍ ግምት ዘጠና አምስት ሲደርስ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ተመልካቹ ብዙ ጊዜ ወንበሩን ሳያሞቅ ይመለሳል። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ የጥንዶቹን የመፋታት ግምት ዘጠና አምስት ሆኖ ካየ የቀረበለትን ሳይቀምስ ይነሳል። ከአርባ ዓመት በታች ያለ ሰው እስከ መጨረሻው የሄደ ነገር አይቶ አያውቅም፤ አለማየቱንም ልብ አይልም።

ረምላ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የሥራ ምደባዋ ወጥቷል፦ ኮምቦልቻ፣ የዕቃ መደርደሪያ አዳራሽ፣ አራተኛ ረድፍ። እናቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመችው እዚያው ረድፍ ላይ ነው። ረምላ ግን የምትፈልገው ከገደል ገደል እህል የሚያሻግሩትን የአየር መርከቦች ማብረር ነበር። ለአብራሪዎች ትምህርት ቤት የመግቢያ ግምቷ ከመቶ ሦስት ነው፤ ከአሥር በታች የሆነ ማመልከቻ ደግሞ አይከፈትም። ቁጥር የማይጠይቅ አንድ በር ብቻ ቀርቷል፤ የሰንጠረዥ፣ የአገሩ ቼዝ፣ ውድድር። አሸናፊው በመረጠው ትምህርት ቤት ይገባል። ደንቡን መሻር የነበረበት ሰው ረስቶታል ይላሉ።

ረምላ ለፍጻሜ የደረሰችበትም መንገድ የሚያኮራ አልነበረም። መጀመሪያ ከእሷ ያነሰ ቁጥር ያላቸው ሁለት ልጆች በዕጣ ደረሷት፤ ሦስተኛው የራሱን ግምት አይቶ ሳይመጣ ቀረ። ከድጃ ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሆጤ አዳራሽ ድረስ፣ የልጇን እጅጌ እንደ ሕፃን ይዛ ሄደች።

አዳራሹ በር ላይ የመደርደሪያ ባልደረባዋ ዘነቡ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።

«ኧረ ፍጠኑ ከዲጅ! ሳንቀመጥ ያልቃል። ልጁ ዘጠና አራት ላይ ነው አሉ፤ አንዴ ቢያስል ዘጠና አምስት ይሆንለታል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ያዢ።»

«ምን አልኩ? እሱንም ጉንፋን አይያዘው ብዬ ነው የምጸልየው።»

ረምላ ሳቀች። ከድጃ አልሳቀችም።

የረምላ ተጋጣሚ በረከተአብ ይባላል፤ ከባሕር ዳር የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ። ከድጃን ሲያይ ከመቀመጫው ተነስቶ ጎንበስ አለ። «እንደምን አደሩ እናቴ።» ከድጃ ሰላምታውን እየመለሰች አዘነች፤ ባለጌ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሰንጠረዡ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ ቀይ ጨርቅ፣ በላዩ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ረድፍ በረድፍ የተሰፋበት። የፈረንጁን ቼዝ የሚወዳደርበት ሰው ካጣ ቆይቷል። ከመጀመሪያዋ እንቅስቃሴ እስከ አርባኛዋ ታውቆ ያለቀ ነው፤ ሕፃናት እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ይወጡታል። የአገሩ ጨዋታ የተረፈው በአጀማመሩ ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ዳኛው «ወረራ!» ሲል ሁለቱም በአንድ ጊዜ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ የተላከውን ይመልሳሉ፤ አንዱ ሌላውን እያየ ይሰለፋል፣ ያፈርሳል። አንድ ጠጠር፣ ወታደርም ሆነ ፈረስ፣ እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ነው፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲያ ይነግሣል። ስለዚህ ተጫዋቾች እንዲያው ለደንቡ ያህል ሁለት ሦስት ወታደር ገፋ አድርገው ቶሎ ይበላሉ። ረጅም ወረራ የሚባለው ሁለት ደቂቃ ነው።

ዳኛው ጋሽ ይመር ሰባ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ካርድ እንደሚያነብ ሰው ድምፃቸውን ሳይለውጡ አነበቡ፦ «በረከተአብ ዘጠና አራት፣ ረምላ ስድስት። ዘጠና አምስት ሲነካ እጄን አነሳለሁ። ተመልካች እንደ ልማዱ መምከር፣ መጮህ፣ መሳደብ ይችላል፤ ጠጠር መንካት ግን አይችልም።» ከዚያ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ። «ወረራ!»

ግድግዳውን የሞላው ሰሌዳ ላይ ዘጠና አራት የሚለው ቁጥር ጠፍቶ አንዲት ሰረዝ ብቻ ቀረች።

በረከተአብ ወታደሮቹን በሁለት ረድፍ አወጣ፤ ሥርዓት ያለው፣ የተማረ እጅ ነው። ረምላም አወጣች። እሱ አንድ ወታደር ለመብላት እጁን ሲዘረጋ፣ እሷ ያቺን ወታደር መልሳ ነበር። በሌላ በኩል ሞከረ፤ እዚያም መልሳለች። ፈረሷን ሰደደች፣ ጠራችው፣ በሌላ በኩል ላከችው።

«ብላ እንጂ! ጾም ይዘሃል?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ምን ይብላ፣ የምታቀርበውን መልሳ ታነሳበታለች!»

«አንተ ልጅ፣ ዝሆንህን አውጣው፤ ለበዓል ነው ያሰርከው?»

ሁለት ደቂቃ አለፈ። አምስት ደቂቃ አለፈ። ልብሳቸውን ሰብስበው ለመሄድ ተዘጋጅተው የነበሩ ሰዎች መልሰው አስቀመጡ።

ከድጃ ዓይኗ ከሰሌዳው አልተነቀለም። ሰረዝ። የእጅ ሰሌዳዋን አወጣች። ረምላ ሰይድ፣ የማሸነፍ፦ ሰረዝ። ልጇ ከተወለደች ጀምሮ ከስሟ ቀጥሎ ቁጥር ያልነበረበትን ሰዓት አታስታውስም። ስትወለድ የመኖር ግምቷ ነበረ፤ ስትድህ የመውደቅ ግምቷ፤ ትምህርት ስትገባ የማለፍ ግምቷ። አሁን ከስሟ በኋላ ምንም የለም። ከድጃ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ መንገዱ ከእግሯ ሥር እንደሚጠፋባት፣ የምትይዘው ጠፋባት፤ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች።

«ዘነቡ፣ ምን እየሆነ ነው?»

«እኔ ምን ዐውቄ! የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እሱም ዝም አለ።»

ከድጃ የምታይበት ቦታ ስታጣ ልጇን አየች። ጠዋት ተነስታ፣ ማታ ተኝታ፣ ስንት ጊዜ አይታታለች፤ እንደ አሁኑ ግን አላየቻትም። የረምላ እጆች ያስቀምጣሉ፣ ቀጣዩን ያያሉ፣ ያስቀመጡትን ያነሳሉ፣ ቦታ ይለውጣሉ፤ ጣቶቿ ቀድመው ያውቃሉ፣ ፊቷ አይቸኩልም። ከድጃ ይህን አሠራር ታውቀዋለች። የአራተኛው ረድፍ አሠራር ነው። ዕቃው በመዘውሩ ላይ እየመጣ፣ የቀደመውን ለሚከተለው ስትል እያፈረስሽ መደርደር። ረምላ ሕፃን ሳለች ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ያንን ስታይ ውላለች። ከድጃ ግን ያ ሥራ የሚያደክም እንጂ የሚያምር መሆኑን በዚያ ሁሉ ዓመት አላወቀችም ነበር። አሁን በቀይ ጨርቅ ላይ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች።

ግማሽ ሰዓት ሆነ። በረከተአብ አሥራ አንድ ዓይነት አሰላለፍ አጥንቶ መጥቷል። ረምላ አንዱን ስታፈርስበት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ስታፈርስበት ወደ ሦስተኛው እያለ፣ አርባኛው ደቂቃ አካባቢ አሥራ አንዱም አለቁበት። እጁ አየር ላይ ቆመ። ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ፈገግ አለና በራሱ ሐሳብ መጫወት ጀመረ። ጯሂዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ጠጠር ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ብቻ ሆነ። ሦስት መቶ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሳያውቅ ተቀምጧል፤ እንዲህ ያለ ነገር ምን እንደሚባል የሚያውቅም የለም።

በዚህ መሐል ረምላ ቀኝ ፈረሷን ወደ ፊት ሰደደችና ተወችው። ፈረሱ ከበረከተአብ ወታደር ፊት፣ በሰያፍ፣ ራቁቱን ቆመ። በረከተአብ ግራውን ክንፍ እያደራጀ ነበር፤ አላየውም።

ከድጃ አየችው።

«ረምላ! ፈረስሽ! ፈረስሽን ሊበላብሽ ነው!»

ድምፁ ከጉሮሮዋ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰላት። በረከተአብ ቀና አለ፤ ወደ ቀኝ አየ፤ ፈረሱን አገኘው፤ እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ በላው።

«ወረራው አበቃ» አሉ ጋሽ ይመር።

ከድጃ ወንበሯ ላይ ተንሸራተተች። «በላሁሽ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ልጄን እኔው በላኋት።» ዘነቡ ትከሻዋን አቀፈቻት።

ሰሌዳው ላይ ሰረዟ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሌላ ጊዜ ቁጥሩ ዓይን ሳይርገበገብ ይወጣል። አሁን ቆየ። በረከተአብ ዘጠና ሦስት፣ አለ ሰሌዳው። ሰማንያ። ስድሳ ስድስት። ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ። እዚያ ቆመ።

ከኋላ አንድ ሰው ቆመ፤ ከዚያ ረድፉ ሁሉ ቆመ። ሃምሳ የሚል ቁጥር ሰሌዳ ላይ አይተው አያውቁም። ሰሌዳው ተበላሽቷል ያሉም ነበሩ። አልተበላሸም፤ ፈረሱን የበላው ወታደር ቦታውን ሲለቅ፣ በለቀቀው ቀዳዳ የረምላ ዝሆኖችና ግንቦች ወደ ጠላት ቤት የሚገቡበት መንገድ ተከፍቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ በተራ ተጫወቱ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ቁጥሩ እንደ ሚዛን ወዲያ ወዲህ አለ። አንድ ጊዜ ለበረከተአብ ዘጠና ሦስት ደርሶ ጋሽ ይመር እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱ፤ ከድጃ ዓይኗን ጨፍና «ያ አላህ» አለች፤ ስትገልጥ ሰባ ሆኖ ነበር። ወጥቶ የሄደ ሰው የለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቁጥሩ ወደ ረምላ አዘነበለና መውጣት ጀመረ። ሰባ ሰባት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና አንድ፣ ዘጠና አምስት።

ጋሽ ይመር እጃቸውን አነሱ። «ዘጠና አምስት። አሸናፊዋ ረምላ…»

«ጋሼ፣ ይቆዩኝ» አለች ረምላ።

እጇን ገበታው ላይ ዘረጋች።

«ግምቱን አልቀበልም። ልጨርሰው።»

ጋሽ ይመር እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን ያውቃሉ፤ ሲጠየቅ ግን ሰምተው አያውቁም። አንድ ተጫዋች ግምቱን አልቀበልም ካለ ሰሌዳው ይጠፋል፣ ጨዋታው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ከተሸነፈ ተሸነፈ። «ዕድሜሽ ከአሥራ ስምንት በታች ነው፤ ወላጅ መፈረም አለበት» አሉ በመጨረሻ። መሳቢያቸውን በርብረው ጠርዙ የተበላ ወረቀት አወጡ።

ከድጃ በሰው ጉልበት መሐል እየተጋፋች ደረሰች። «አብደሻል? ገብተሻል እኮ! አለቀ እኮ! በእጅሽ የገባውን ልትጥይው ነው?»

«እማ፣ ጠዋት ስድስት ሲለኝ አልተቀበልኩትም፤ አሁን ዘጠና አምስት ሲለኝ እንዴት ልቀበለው?»

«ብትሳሳቺስ? ሰው ይሳሳታል። እኔ አልተሳሳትኩም ወይ? ፈረስሽን ያስበላሁት እኔ…»

ረምላ የእናቷን እጅ ያዘች። «ፈረሱን ያስቀመጥኩት ላንቺ ነው።»

«ለእኔ?»

«እሱ እንዲበላው እፈልግ ነበር፤ ግን አላየውም። አንቺ ደግሞ ክፉ ነገር አያመልጥሽም። እንደምትጮሂ ዐውቅ ነበር።» ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፤ «ሰሌዳው ሁሉን ቆጥሯል እማ። አንቺን አልቆጠረም።»

ከድጃ መቆጣት ፈለገች፣ ማልቀስም ፈለገች፤ ሁለቱም አልመጡላትም። በረከተአብ ከመቀመጫው ተነሳ።

«እናቴ፣ ቢፈርሙ ደስ ይለኛል» አለ። «እስካሁን ሰባት ጊዜ ያሸነፈልኝ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ደግሞ እንዲያሸንፈኝ አልፈልግም፤ እሷ ታሸንፈኝ፣ ከቻለች።»

«ከቻለች አለ!» አለች ዘነቡ ከኋላ። «አየሽው ትሁቱን!»

አዳራሹ ሳቀ፤ ከድጃ ግን ወረቀቱን እያየች ነበር። ዘጠና አምስት ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል። አልጋው ይነሳል፣ ብርድ ልብሱ ይታጠፋል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ ቆሞ ያየ ሰው አታውቅም። እሷም አላየችም፤ ያኔ ቆማ ማየት ነበረባት። ጋሽ ይመር እስክሪቢቶ ሰጧት። ፈረመች፤ ስሟ ጠማማ ሆኖ ወጣ።

ሰሌዳው ጠፋ። ግድግዳው ባዶ ሲሆን ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዞረ፤ ሌላ የሚያይበት አልነበረም።

በረከተአብ የሚያጣው ስላልነበረ እንደ ቆሰለ ነብር ተዋጋ። በሦስተኛው ተራ ረምላ ዝሆኗን አስቀምጣ፣ እንደተቃጠለ ሰው ጣቷን ሰብሰብ አደረገች። ከድጃ ከልጇ ጣት አየችው፤ ስሕተት ነው። ጩኸቱ እስከ ጥርሷ መጣ፤ የሻርፏን ጫፍ ነክሳ ዋጠችው። በረከተአብ ብዙ ቆየ፤ አንድ ግንብ ገፋ።

«ይሻላል ወይስ ይብሳል?» አለ አንድ ሽማግሌ በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ።»

«አንተስ?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ» ከረድፍ ረድፍ ተላለፈ፤ ያፈረበት ሰው አልነበረም። ከድጃ እንኳ ስትለው ደረቷ ላይ አንድ ነገር ሲከፈት ተሰማት። ፍርሃቱ እዚያው አለ፤ ግን ሰፊ ቦታ አግኝቶ፣ ትልቅ ነገር ሆኖ፣ ሌላ መልክ ይዞ። ልጇ ከማንም ግምት ውጭ፣ እዚያ፣ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣለች። ቀጥሎ የምታደርገውን ፈጣሪና እሷ ብቻ ያውቃሉ።

አራት ተራ። ስድስት ተራ። ከዚያ ረምላ ከሁሉ ያነሰችውን ወታደር በአንድ ጣት አንድ ቤት ገፋቻትና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

በረከተአብ አላንቀሳቀሰም። ቆይቶ እሱም እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ሁለቱም ገበታውን አዩ። ያጨበጨበ የለም፤ ሰው የሚያጨበጭበው ቁጥር ሲያይ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ባዶ ነው። ጋሽ ይመር መጨረሻውን ያዩት በወጣትነታቸው ነበርና አንገታቸውን አስግገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ቀሩ።

ከድጃ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የከለከላት አልነበረም።

«ምን ሆነ? አሸነፍሽ?»

«አዎ እማ።»

«ማን አለ?»

ረምላ ወደ ቀዩ ጨርቅ አመለከተች። «እዪው። ወታደሯ ንጉሡን በሰያፍ ይዛዋለች። ንጉሥ አንድ ቤት ነው የሚሄደው፤ በፈለገበት በኩል። መውጫ ካለው ንገሪኝ።»

ከድጃ ጎንበስ አለች። ክፉን ፈልጋ የምታጣ ሴት አይደለችም፤ ቀዳዳ ቢኖር ታገኘዋለች። ጣቷን ከንጉሡ በስተቀኝ አሳረፈች፤ ዝሆኑ ይጠብቀዋል። ወደ ግራ ወሰደችው፤ ግንቡ። ወደ ፊት፤ ያቺ ትንሽ ወታደር፣ ከኋላዋ ደግሞ ጠባቂ። የቀሩት ቤቶች ሁሉ፤ የራሱ ሰዎች ቆመውባቸዋል። ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። ሦስት መቶ ሰው ጣቷን ይከተላል። በረከተአብም ይከተላል።

ቀና ስትል ጋሽ ይመር ሳይቀር ሁሉም ፊቷን እያዩ ነበር።

«የለውም» አለች ከድጃ። «መውጫ የለውም። አሸንፋለች።»